የፊዚክሷ ሚሞሪ

ቁጡ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ያስተማርኳቸው ሁሉ ይመሰክሩብኛል። ያን ዓመት ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣውም ንዴቴ ነው።

የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ስሙ ብቻ ነው፤ ቁልፍ አለው፣ ዕቃ የለውም። ስለዚህ ባሕር ዳር በወረድኩ ቁጥር ኢንተርኔት ካለበት እየተቀመጥኩ የፊዚክስ ቪዲዮ አወርድ ነበር። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ላባና ብረት እኩል ሲወድቁ፣ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ሁሉንም በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ሰበሰብኩ። ኋላ ላፕቶፔ ተበላሸ፣ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ ካርዷ ብቻ ቀረች። የተማሪዎቼ ስልክ ያን ሁሉ መገልበጥ አይችልም። እንደ ዕቁብ ዕጣ እያወጡ፣ በየተራ ሁለት ሁለት ቀን ይወስዷት ነበር።

የቅበላ ሰሞን ዕጣው ለአንዲት ልጅ ወጣ። ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጎበዝና ዝምተኛ። ለትዳር ተጠይቃ፣ "መጀመሪያ ልፈተን" ብላ ነው ቤተሰቧን ያስታገሰችው። ሰኞ ጠዋት ካርዷን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"ቲቸር፣ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። ስልኬ ውስጥ ብከታት መዝሙር ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። "አንቺ ደንቆሮ! የስንቱን ልጅ ዕድል ነው ያጠፋሽው! ከክፍሌ ውጪልኝ!" አልኳት፣ በተማሪው ሁሉ ፊት። እንዴት ጠፋ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ቀረች፤ በሳምንቱም የለችም።

ከዚያ አባቷ መጡ። ጋቢያቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆሙ።

"መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስንቅ ላደርስላት መጥቼ፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ስልኳ በቪዲዮ ተሞልቶ አየሁት። ዘፈን መሰለኝ። ጾም እየገባ ነው፣ ላስደስታት ብዬ ሱቅ ወሰድኩና ያለውን አስጠፍቼ መዝሙር አስጫንኩላት።"

እኛ ዘንድ ጾም ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔም የራሴን ስልክ እዚያው ሰሞን አስጭኜ ነበር።

"አሁን አልማርም ብላ ቤት ገብታለች" አሉ። "እናቷም እንግዲያው ትዳር ትያዝ ትላለች። እኔ ግን ልጄ በኔ ጥፋት ስትቀር ማየት አልችልም።"

አፈርኩ። ልጅቱ አባቷን ላለማሳጣት ነው ስድቤን ዋጥ አድርጋ የወጣችው። "ያስቀራት ሚሞሪው አይደለም፤ የኔ አፍ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይምጡና ይንገሯት።"

ጥቂት በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘናት። ስታየኝ ብድግ አለች።

"በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ዓይኗን ከሰፌዱ አላነሳችም። "የሰደቡኝ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቲቸር። ይቅርታውንም እዚያው ይበሉት።"

አባቷ "ኧረ አንቺ ልጅ!" ብለው ደነገጡ። እኔም መጀመሪያ ቱግ ልል ነበር። ግን እውነቷን ነው።

ሰኞ ጠዋት ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ተማሪው ፊት ቆምኩ። "ደንቆሮው እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ ምንም አላጠፋችም። ሳልጠይቅ ሰደብኳት። ይቅር በይኝ።"

እሷ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይቅር ብያለሁ፣ ቲቸር" አለችና ደብተሯን ገለጠች፤ እስኪብርቶዋን ይዛ ማስተማር እስክጀምር ጠበቀችኝ።