ሰው ያልመጣለት ሃላዋ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ አዲስ ጭማቂ ሊያስተዋውቁ ድንኳን ሲተክሉ፣ ፀሐይ ያገኘው የሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ጉዳዬም ሳይሆን ወንበሮቹ ሞልተው እስካይ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ሃላዋ የሚባለውን ጣፋጭ መሥራት ጀመረ፤ ሄል የተባለውን ቅመም ራሱ እየወቀጠ፣ ክንዱ እስኪዝል እያማሰለ፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ የእኔን ስም አሳተመበት፤ «ሰናይት ሃላዋ»። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩና ኩራቴ አይጣል ነው። ጎረቤታችን ሐሊማ ቀፊራ ገበያ ባለው ሱቋ ደርድራው ቀምሶ ያልወደደው አልነበረም። ያኔ ነው አባቴ ድንኳን ጥዬ በወጉ ላስመርቅ ያለው።

ሰዓቱን ግን ከቀኑ ስምንት አደረገው። ሱቅ ሁሉ ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ ነፃ ነው ብሎ አሰበ። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ወይ እንቅልፍ ላይ ወይ የጫት በርጫ ላይ እንደሆነች ከየት ይወቅ፤ በሥራ ቀን ባቡር ላይ ነበር፣ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ ራሱም ይተኛል። እሱን ደፍሮ የሚያርም በቤታችን አልነበረም።

ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። መቶ ወንበር ተደርድሮ አንድም ሰው የለም። ድምፅ ማጉያው «ኑ ቅመሱ» እያለ ለባዶ መንገድ ይጮኻል፣ ሃላዋው ትሪው ላይ ማላብ ጀምሯል፣ አባቴ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ አባቴን አያለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ከተማው ነቅቶ ሰው መጣ፤ ግን ድንኳኑን አጮልቆ እያየ ያልፋል እንጂ ቀድሞ የሚገባ ጠፋ። አባቴ ጠጋ ብሎ፣ «ሰናይት፣ ሂጂ ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ አንድ ሰው ካዩ ይገባሉ» አለኝ። የክፍሌ ልጆች በር ላይ ቆመው ስሜን ከሸራው ላይ እያነበቡ ይስቃሉ። ሳልቀመጥ ሮጬ ቤት ገባሁ፤ ድንኳኑም ባዶውን አመሸ።

ሰኞ ሐሊማ ሳጥኖቹን በጋሪ ለአባቴ መለሰች።

«አቦ ተካ፣ ወላሂ ጣዕሙን እኔ አውቀዋለሁ። ሰዉ ግን ‹ሰው ያልመጣለት ሃላዋ› እያለ አይነካውም፤ ምን ላድርግ?»

አባቴ አልተቀየማትም። ሃላዋው ያው ባለፈው ሳምንት ሲሻሙበት የነበረው ነው፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ብቻ ነበር። ድስቱን አጥቦ ሰቀለው፣ አሠራሩንም ለማንም ሳያሳይ አረፈ፤ ያ ጣዕም ዛሬ በድሬ የለም። እሱን እንኳ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት፣ አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት «ልጄ» እንጂ አንድም ጊዜ ሰናይት ብሎ ጠርቶኝ አለማወቁን ነው።