ግራ እጅ የማይፈልግ ማረሻ

ሥራ የጀመርኩት ከሜክሲኮ አደባባይ ወረድ ብሎ በነበረ የመንግሥት የእርሻ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው፤ ማዕረጌ ረዳት መካኒክ። የመጀመሪያው ቀን ቱታዬን ለብሼ መፍቻ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ በቀለ ዶማ አስጨበጡኝና ከመደብሩ ጀርባ ያለውን መሞከሪያ መሬት ቆፍር አሉኝ። እስከ ምሳ ቆፈርኩ፤ መዳፌ ተላጠ። ከሰዓት በኋላ እዚያው መሬት ላይ የሞተር ማረሻ አስነሥተው አሳዩኝ። ማሽኑ ከምን እንደሚገላግል የማያውቅ ሻጭ አልወድም አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

የምንሸጣቸው የጓሮ ማረሻዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። የአንደኛው ጥርሶች ከፊት፣ ከሞተሩ ሥር ናቸው፤ መሬቱን እየቧጠጡ ማሽኑን የሚጎትቱትም እነሱው ናቸው። በሁለተኛው ግን ሞተሩ ሁለት ጎማ ያሽከረክራል፣ ጥርሶቹ ከኋላ እየተከተሉ ይቆፍራሉ። የፊተኛው ቀላል ነው፤ የኋለኛውን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ለቀጭን ደንበኛ ቀላሉን፣ ለደንዳናው ከባዱን እንመክር ነበር። ነገሩ ልክ ስለሚመስል ማንም ለምን ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ መካኒክ ከሆንኩ በኋላ እትዬ ሙሉ የሚባሉ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነዋሪ መጡ። ዕቃው ቅድሚያ ለማኅበራት ስለነበር ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቧድነው፣ ለአራት ጓሮ አንድ ማሽን አስፈቅደዋል። ቀጭንና አጭር ናቸው። ጋሽ በቀለ ገና ሲያዩዋቸው ቀላሉን አውጣላቸው አሉኝ።

እትዬ ሙሉ ግን የሚያርሰው ልጃቸው መሆኑን ነገሩን። ግርማ ከጦር ግንባር የተመለሰው ግራ እጁን ከክርኑ በላይ አጥቶ ነው። ጓሮውን ድሮም የሚቆፍረው እሱ ነበር። አሁን ከክፍሉ አይወጣም፤ የቀን ሠራተኛ ቢያመጡ እንኳ ሰውየውን ከበር መልሶታል።

“እሱ የማይችለውን ማሽን ይዤ ከገባሁ” አሉ፣ “ሁለተኛ ከዚያ ክፍል አይወጣልኝም።”

ወደ መሞከሪያው ሄድን። እትዬ ሙሉ ግራ እጃቸውን ከወገባቸው ኋላ መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና ቀላሉን አስነሣልኝ አሉ። ወቅቱ በጋ፣ መሬቱ የደረቀ የዋልካ አፈር ነበር። ጥርሶቹ መሬት ሲነኩ ማሽኑ ዘለለና እትዬ ሙሉን ይዟቸው ወደ ጎን ሄደ። ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁት።

ጋሽ በቀለ ጨዋታ አይደለም ብለው ተቆጡ። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ያኛውን አሉ።

ያኛው ችግር ነበረበት። ሲሄድ ተጨቁኖ መያዝ ያለበት፣ ሞተሩን ከጎማዎቹ የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ማንሻ በግራ እጀታ ላይ ነው። ማንሻውን እኔ ይዤ ከጎናቸው ተራመድኩ፤ እሳቸው በቀኝ እጃቸው መሩት። ክብደቱን ጎማዎቹ ስለተሸከሙት ማሽኑ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው አፈሩ ተፈርፍሮ ቀረ።

ማንሻውን ወደ ቀኝ እንዳዞርላቸው ለመኑኝ። ጋሽ በቀለ ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ አይነካም፣ ሰው ቢጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ማንሻው በየትኛውም በኩል ቢሆን እጅ ሲለቀው ማሽኑ ይቆማል ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ በቀለ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ራሳቸው ሊሞክሩት ተስማሙ። ሽቦውን አስረዝሜ ማንሻውን አዞርኩት። ነዱት፣ ለቀቁት፣ ቆመ። ደጋግመው ለቀቁት።

“አንተው አድርስ” አሉኝ። “ካልቻለ ይዘኸው ተመለስ።”

በጋሪ ጭነን ወሰድነው። ግርማ አልወጣም። እናቱ በበሩ ቆመው ደጋግመው ጠሩት። እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ አስነሥቼ ማረስ ጀመርኩ። አንዱን መሥመር ጨርሼ ስዞር በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፤ የሸሚዙ ግራ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እንዳላየሁት ሆኜ ወደ አጥሩ ቀጠልኩ።

“ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ቧንቧ ተቀብሯል” አለኝ። “ልቀቅልኝ።”

ለቀቅሁለት፤ ማሽኑ ቆመ። ሞተሩንም አጠፋሁት፣ ራሱ ያስነሣው ብዬ። እግሩን በብረቱ ላይ አድርጎ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። አልተነሣም። እናቱ ሊያግዙት ሲሄዱ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንደገና ሳበ፤ ተነሣ። ቧንቧውን በሩቁ ዞሮ እስከ አጥሩ አረሰና ተመለሰ። እትዬ ሙሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ማሽኑን ይዤ አልተመለስኩም። በሳምንቱ ሳልፍ ግርማ የጎረቤቱን ጓሮ ያርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሽኑን ማን እንደሚይዘው ነው። ቀጥሎ ስለ መሬቱ እጠይቃለሁ። የሞተሩ ጉልበት መጨረሻ ላይ ይደረስበታል።