የአሚና ቤት ትሪ

የኔነሽ በሰው አገር፣ በአል-ሳሃፋ ሰፈር ልብስ እየሰፋች መኖር ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። የወለደችውን አንድ ልጅ እዚያው ቀብራለች፤ ስለሱ ብዙ አታወራም። ግቢውን የሚጋሯት የወሎዋ አሚናና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ረሺድ ናቸው። አሚና ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ረመዳን ሲገባ ሥራ በዛባትና ዓርቡም ቀረ።

ያኔ ነው አንድ ባለ ሞተር ሳይክል በራቸው ላይ መቆም የጀመረው። ከጓደኞቹ ጋር የመንገደኛ ቦርሳ እየነጠቀ እንደሚሮጥ ሰፈሩ ያውቃል። ከኋላው የሚቀመጥ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ይፈልግ ነበር።

«ምንህ ነው እሱ?» አለችው የኔነሽ ረሺድን።

«ማታ ማታ ያስፈጥረኛል፣ ኻልቲ» አለ፤ በአገሩ ዓረብኛ አክስቴ ማለቱ ነው።

«መንገድ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ያፈጥር የለ?»

«ባዶ እጄን? ሁሉም ከቤቱ ትሪ ይዞ ነው የሚወጣው። ለማኝ ነኝ እንዴ?»

የኔነሽ ክርስቲያን ናት፤ ያ ምንጣፍ የሙስሊም ወንዶች ነው ብላ በዚህ ሁሉ ዓመት ከግቢዋ አንድ ትሪ አውጥታ አታውቅም።

በማግስቱ፣ እሷም ሁዳዴ ላይ ነበረችና፣ የጾም ምስር ወጥ ሠራች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትሪውን ለረሺድ አሸከመችው። ሞተሩ ደጅ ላይ ይንደቀደቃል።

«ያላ ረሺድ! መንገዱ ጭር ሳይል እንሂድ፤ ዛሬ ሥራ አለ።»

«ይኼን ላድርስ።»

«አስተናጋጅ ሆንክ?» ባለ ሞተሩ ሳቀ።

ረሺድ ትሪውን መሬት ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። የኔነሽ በበሩ ስንጥቅ እያየች ልትጣራ ፈለገች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የአሚና ቤት ትሪ ነው?» አሉ ከምንጣፉ አዛውንቱ ዓም ሂሻም። «ቦታ ልቀቁለት! አዛን ሊል ነው!»

ረሺድ ቀና አለ፤ ወደ ምንጣፉ ሄደ። ዓም ሂሻም ደግሞ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩ ፊት ቆሙ። «አንተም ውረድ፤ በዚህ ሰዓት ሳይቀምስ የሚያልፈን የለም።» ባለ ሞተሩ አዙሮ ሄደ።

ረሺድ ባዶ ትሪ ይዞ ተመለሰ። «ዓም ሂሻምን በርበሬው አስለቀሳቸው፤ ግን አልተዉትም።»

«ባለ ሞተሩ ነገ ቢመጣስ?»

«ነገ ትሪ አለብኝ። ምን እንሠራለን?»

«ሽሮ።»

«ሽሮ ይወዳሉ?»

«ይልመዱት!»