ያምሮትን በጥቁር ፍሬም ይዤ

ጠዋት፣ መርሳ

ከመርሳ የተነሳሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በእጄ የሣልኩትን የዘፋኟን የያምሮትን ምስል በራሷ እጅ ላይ ለማኖር። ጦርነቱ ከእኛ ከተማ ራቅ አለ እንጂ አላበቃም። እሷ ግን ለተፈናቃዮች ልትዘፍን ወልድያ ትመጣለች ሲባል ሰማሁ። የአምባሰልን ዜማ በልጅነቴ የወደድኩት በእሷ ድምፅ ነው።

ሥራዬ የሱቅ ታፔላ መጻፍ ነበር። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ታፔላ የሚያጽፍ ጠፋ፤ የሚመጡልኝ ጉርድ ፎቶ የያዙ ሐዘንተኞች ናቸው። የሟቹን ፊት አጉልቼ እሥላለሁ፣ ጥቁር ፍሬም አለብሰዋለሁ፣ እነሱም ይዘውት ያለቅሳሉ። በቁሙ ያለ ሰው መሣል ይጠፋብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያምሮትን የሣልኳት ለዚህም ነው፤ ለብረት በር በሚቀባ ቀለም፣ ስትስቅ። ስጨርስ እጄ እንደለመደው ጥቁር ፍሬም አለበስኳት። ልብም አላልኩት።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ውስጥ ምስሉን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቆምኩት። ነዳጅ በመጥፋቱ ታሪፉ ንሯል፤ ሹፌሩ ሰዒድ የሚያጉረመርመውን ሁሉ "አብሽር፣ እንደርሳለን" እያለ ያባብላል። አጠገቤ እማማ ጦቢያ ተቀምጠዋል፤ የመርሳ ፓፓያ ወልድያ ወስደው የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንዱን በቢላቸው ቆርጠው ሰጡኝ፣ ጣፋጭ ነበር። ግራና ቀኝ ማሽላው ታጭዷል፤ ከተቃጠለ መኪና ጎን ከብቶች አገዳ ይበላሉ።

ስሪንቃ ስንደርስ በመስኮት የገባ ነፋስ ጋቢውን ገለጠው። እማማ ጦቢያ ፍሬሙን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ ደረታቸውን መቱ።

"ያምሮቴን! መቼ ነው የሞተችው?"

"ኧረ አልሞተችም እማማ። ዛሬ ወልድያ ትመጣለች።"

"አስከሬኗ?"

ከኋላ ያሉት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ለቅሶውን ተቀበሏቸው። ሰዒድ መኪናውን ዳር አስይዞ "አላህ ያጽናህ ወንድሜ፣ ምንህ ናት?" አለኝ። ለሁሉም እስካስረዳ ላብ በላብ ሆንኩ። ነገሩ ሲገባቸው እማማ ጦቢያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተቆጡኝ።

"የቁም ሰው በጥቁር ይከበባል? አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?"

የሠራሁትን ያየሁት ያኔ ነው። በጣም አፈርኩ።

ወልድያ

ዝግጅቱ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ግቢ ነበር። በሩ ላይ የቆመው የያምሮት ወንድም ምስሉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"ሟርትህን ይዘህ ሂድልኝ" አለ።

አልፈረድኩበትም። ልመለስ ስል አብረውኝ የመጡት እማማ ጦቢያ ፓፓያቸውን መሬት አስቀምጠው ፊቱ ቆሙ።

"እኔ ለእህትህ ከስሪንቃ ጀምሬ አልቅሻለሁ። ወይ ትውጣና ልያት፣ ወይ እንባዬን መልስልኝ።"

ሰው ሳቀ። ሳቁን ሰምታ ያምሮት ራሷ ወጣች፤ ከሣልኳት አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ። ምስሉን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ማን ሞቶ ነው?"

"እርስዎ... ማለቴ፣ ማንም። የለመድኩት ሟች መሣል ነውና እጄ ነው የሳተው።"

"ከጦርነቱ ወዲህ የቁም ሰው ሥለህ አታውቅም?"

"እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።"

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ግን ልክ እንደሣልኳት ሳቀች። "እንግዲያው ፍሬሙን ንቀልና ስጠኝ።"

በእማማ ጦቢያ የፓፓያ ቢላ ነቀልኩት። ምስሉን ታቅፋ መድረክ ወጣች፣ ከማይክራፎኑ አጠገብ አቆመችው፣ አምባሰሉን ጀመረች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መመለስ

ስመለስ ጭኔ ላይ የነበረው ባዶው ፍሬም ነው። ስሪንቃን ስናልፍ እማማ ጦቢያ መቀነታቸውን ፈቱ። ከውስጡ የአንድ ጎልማሳ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

"ልጄ ነው። ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ጎረቤቱ 'ምስሉን አሠሪና እርምሽን አውጪ' ይለኛል። ለሰው ሁሉ አለቅሳለሁ፣ ለእሱ ግን አልቅሼ አላውቅም። ደጅህ ድረስ እየመጣሁ ስንቴ ተመልሻለሁ።"

"ምን ላድርግልዎ እማማ?"

"ሣልልኝ። ያለ ፍሬም።"

መርሳ የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ እጅ የለመደውን ቢሠራም ሌላም መልመድ እንደሚችል ነው። የቀሩኝን ጥቁር ፍሬሞች አልጋ ሥር ገፋኋቸው። አሁን ይህን የምጽፈው የልጃቸው ምስል ቀለሙ እስኪደርቅ ነው። እማማ ጦቢያ አጠገቤ ተቀምጠው ይቆጡኛል።

"ጆሮውን አሳንሰው እንጂ፤ ሲመጣ ይስቅብሃል።"