ወንበር ሞልቶ የቆምን ሁለት ታክሲ ነጂዎች

በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፍላችሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ሰው አገር አውሮራ ከተማ፣ ለኪንታሮት ኦፕሬሽን ሆስፒታል ገባሁ። ለሰው ሁሉ ግን «ጎረቤት ከተማ ሴንቴኒያል ዘመድ ጋ ነኝ» ብያለሁ።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ ተካልኝን! ኤርፖርት አብረን ታክሲ እንነዳለን። የታመመ ሰው ጠይቀው የማይጠግቡ ሰው ናቸው።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ በሽተኛ ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«ማን ታሞ? እኔም ሳልጠይቀው አልሄድም!»

ጉድ ፈላ! «አሁን ኦፕሬሽን ላይ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እስኪወጣ አብረን እንጠብቀዋለን። ቁጭ በል።»

«የለም፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«እኔ መቆም ይሻለኛል።»

ክፍሉ ሙሉ ባዶ ወንበር ነው። እኛ እንደ ባንክ ዘበኛ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። እኔ ሞኙ አሁንም አልነቃሁባቸውም!

ነርሷ ብቅ አለች። «ሚስተር ተካልኝ፣ ለኦፕሬሽን ይግቡ።»

ጋሽ ተካልኝ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «ያንን በሽተኛህን እግዜር ይማርህ በልልኝ» አሉኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙን «አፈርኩ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ለኦፕሬሽን ከሚመጡልኝ ስንቱ እንዳንተው መሰለህ! ሹፌር ደግሞ ይበዛል» አለኝ።

እስቲ እናንተም ማንን «ልትጠይቁ» ሆስፒታል እንደሄዳችሁ ጻፉልኝ። ይህን ቆማችሁ የምታነቡት፣ አውቄያችኋለሁ።