የዶንዲባ የመጨረሻ ዜማ

በእኛ ሰፈር ዶንዲባ ክላርኔት ሳይነፋለት ያገባ ሰው ካለ፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው። እኔንም የዳረኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ባሌ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እንደ ጆንያ ሲወዛወዝ፣ ዶንዲባ ቀዩን የባንድ ኮቱን ለብሶ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ ያኔ ሬዲዮው ሁሉ የሚያለቅስበትን የፊልም ዘፈን እያንቆረቆረ ከፊት ከፊት መጣ። ከባሌ ይልቅ እሱን ሳይ እንደነበር ባሌ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሲለማመድም እሰማዋለሁ። ቤተ መቅደስ ሲመረቅ ይጠሩታል፣ ሱቅ ሲከፈት ይጠሩታል፣ ሠርግማ አይጠየቅም። ዕድሜ ጠግቦ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሽማግሌ ሲኖርም ሬሳ ወደሚቃጠልበት ወንዝ የምንሸኘው በባንድ ነው። ሥራ የፈታ ቀን ታዲያ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይፈላሰፍብኛል።

"ሼዋንታ፣ ሰው አራት ነገር ይፈልጋል" ይላል። "ግዴታውን መወጣት፣ ሀብት፣ ፍቅር። በመጨረሻ ደግሞ ከዚህ ሁሉ መፈታት፤ ዳግመኛ ተወልዶ ዳግመኛ አለመሞት። አራቱንም በዚች እንጨት ነፍቻቸዋለሁ።"

"የትኛው በለጠ ታዲያ?"

"ፍቅሩ ነዋ! ሬዲዮ ከፍተሽ ስሚ እንጂ። ለግዴታ ማን ይዘፍናል? ለመፈታትም ለማኝ ብቻ ነው የሚዘፍንላት።"

"አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም!"

"ይሄ ለሰው ነው። ለራሴማ የመጨረሻዋን ብቻ ነው የምፈልጋት።"

የመጨረሻዋ የሚላት፣ አምላካችንን ቪቶባን ሊሳለሙ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ሟች አልጋ አጠገብ የሚዘምሯትን መዝሙር ነው። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ስትጀመር ኮፍያ ይወልቃል። ነፍስ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ ያለውን ይዛ ትሄዳለች፣ ወደዚያው ተመልሳ ትወለዳለች እንላለን። ስለዚህ ዶንዲባ ልጁን ሳካራምን ቃል አስገባው። "ትንፋሼ ሲያጥር አጠገቤ ተቀመጥና እሷን ንፋልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፍቅር ስነፋ ኖሬ በዚያው ዜማ ከሄድኩ፣ ተመልሼ የሙሽራ ፈረስ ሆኜ ነው የምወለደው" አለና ሳቀ። ሳካራም ግን አልሳቀም። እሱ ድሮም ቀልድ አይገባውም፤ ክላርኔቱንም፣ ኮቱንም፣ የአባቱንም ቃል እንደ ሕግ ነው የያዘው።

ኩሱም የሳካራም አንድ ልጁ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች እኔና ዶንዲባ ነን ያሳደግናት። ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። አንዱ የተሻለ ቤት አገኘ፤ ሌላው "የባንድ ነፊ ልጅ አላገባም" አለ፤ ድፍት ይበል! ሦስተኛው ሲገኝ፣ ዝናቡ ሳይገባ በቀረው የመጨረሻ መልካም ቀን ሠርጉ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ አማልክት ይተኛሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ማንም አይዳርም። በሙሽሮቹ ላይ ሩዝ ሳይበተን ቤት ውስጥ ሰው ከሞተ ደግሞ ቤቱ ረክሷል፣ ሠርጉም ፈርሷል ማለት ነው። ሦስቴ የፈረሰባትን ልጅ እንግዲህ ማን ይጠይቃታል?

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ሲያሳስበን የከረመው የዶንዲባ ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ። ከኋላ ክፍል አስተኛነው፣ በሩን ዘጋን፣ ለሙሽራው ወገን "ጉንፋን ነው" አልን።

ሳካራምን ወደ ጎን ጠራሁት። የሙሽሪት አባት ሆኖ የባንድ ኮት ለብሷል። ምን ያድርግ? በዚያ ቀን የሚያገባው ብዛቱ የከተማውን ነፊ ሁሉ ወስዶታል፤ ለእሱ የቀሩለት ሁለት ከበሮ መቺዎች ናቸው።

"አባትህ እየሄደ ነው። ግባና ንፋለት" አልኩት።

"አሁን?"

"አሁን ነዋ! ሞት ቀጠሮ አለው እንዴ?"

ዞሮ ግቢውን አየ። የሙሽራው ዘመዶች ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ድንኳኑ ሥር ሻይ ይጠጣሉ።

"አክስቴ፣ ያቺን መዝሙር ብጀምራት ሁሉም ኮፍያውን ያወልቃል። ኩሱምስ?"

"ቀስ አድርገህ ንፋት።"

"ክላርኔት እኮ ነው፤ በሹክሹክታ አይነፋም! ሩዙ ይበተን። ልክ እንደተበተነ እመጣለሁ። እስከዚያ ያዢልኝ።"

ያዢልኝ ይለኛል! ነፍስ በገመድ የምትታሰር ይመስል።

ገብቼ ዶንዲባ አጠገብ ተቀመጥኩ። "ትንሽ ጠብቅ፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እየመጣ ነው" አልኩት። በበሩ ስንጥቅ ግቢውን አያለሁ። ኩሱም ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ ቆማለች፤ በእሷና በሙሽራው መካከል ነጭ መጋረጃ ተይዟል። ካህኑ ዜማውን ጨረሰ፣ መጋረጃው ወረደ፣ ሩዙ በላያቸው ዘነበ። ከበሮው አጓራ። እሰይ! አልኩ። ልጄ ተዳረች፣ ሽማግሌውም አለ፣ ሳካራም ይደርስለታል።

ሳካራም ወደ እኛ ሊመጣ እግሩን ሲያነሳ የሙሽራው አጎት ክንዱን ያዘው።

"ወዴት ነው? አንድ የፍቅር ዘፈን ሳትነፋልን?"

"አባቴን ብቻ አየት አድርጌ..."

"ጉንፋን ነው አላላችሁም እንዴ? ጉንፋን የት ይሄዳል!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳካራም ወደ በሩ አየ፣ ወደ ልጁ አየ። ኩሱም ፈገግ ብላ ትጠብቀዋለች። ገና ዛሬ ይዘዋት የሚሄዱትን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን እንዴት ያስቀይም? ክላርኔቱን አነሳ። "ኧረ ተው!" አልኩ ውስጥ ሆኜ፤ ማን ይስማኝ? አባቱ ያስተማረውን የፊልም ዘፈን ጀመረው፤ የፍቅር ዘፈን፣ ወገብ የሚያወዛውዝ።

ዶንዲባ ዓይኑን ገለጠ።

በሁለት እጄ ጆሮውን ደፈንኩት። "አትስማው! ቪቶባን ጥራ፣ ቪቶባን!" እያልኩ ለመንኩት። ራሱን ከእጄ አላቀቀ፤ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው እንጃ። ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዱ ጀመር። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይወድቃል። ልጁ ውጭ ይነፋል፣ አባት ውስጥ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ይከፍታል። ደስ ብሎት ነበር። አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው፤ ደስ ብሎት ነበር! ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቶቹ ቆሙ። ትንፋሹም ቆመ።

ሳካራም በላብ ተጠምቆ፣ ሩዝ ጸጉሩ ላይ እንዳለ ገባ።

"አለ?"

"ሄዷል" አልኩት። "ገና ሩዙ እንደተበተነ ነው የሄደው። ያንተን ዘፈን አልሰማም።"

አፈር በበላሁ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ልበለው? ሳካራም ተንበረከከና የአባቱን እጆች አየ። እኔ ዓይኑን ስከድን፣ አገጩን ሳስር እጆቹን ረስቻቸዋለሁ። ብርድ ልብሱ ላይ እንዳሉ ቀርተዋል፤ የግራው ጣቶች ተጭነው፣ ከቀኙ ሁለቱ ተነስተው።

ሳካራም የራሱን ጣቶች ክላርኔቱ ላይ እንደዚያው አስቀመጣቸው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ይሄ የመጨረሻው ድምፅ ነው" አለ። "የእኔ ዘፈን የሚያልቅበት። እስከ መጨረሻው ሰምቶታል።"

የሬሳውን ጣቶች አንድ በአንድ ሊዘረጋቸው ሞከረ፤ ሲለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። ከዚያ ክላርኔቱን ከአባቱ ጆሮ ሥር አድርጎ ያቺን መዝሙር ጀመራት። በስንጥቁ ሳይ ወንዶቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ ነው። ኩሱም "አያቴ!" ብላ ስትጮህ፣ አማቷ ክንዷን ይዛ ስታስቀራት ሰማሁ።

"ተው፣ ልጄ" አልኩት፣ "አሁን አይሰማህም።"

ክላርኔቱን ከአፉ ሳያነሳ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ "አውቃለሁ" አለኝና፣ መዝሙሯን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያዋ ጀመራት።