ያለ ጥፋቱ የተቆረጠ እንጥል

የነበርነው አምስት ነን። ልጄ ፍሬሕይወት ሸማ ተራ ካለው ሱቄ ጓዳ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እንጥል ቆራጩ ብርሃን እንዲያገኝ መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ በቀኟ በኩል ሳፋ ይዘው ቆመዋል። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደግፌ ደም ማየት ስለማይወዱ ፊታቸውን ወደ ሱቁ አዙረው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጣብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይህን ያስቀደምኩት፣ ስለ ልጄ ሕመም በሰፈራችን ሲወራ ይህ ቀን ወይ ስለሚዘለል ወይ ተገልብጦ ስለሚነገር ነው። ሰው የሚለው "ስትጮኽ ጉሮሮዋን አበላሸች" ነው። የልጇ ድምፅ ጠፍቶ ይህን የምታነብ እናት ካለች፣ ማን የት ቆሞ እንደነበረ አውቃ ትጀምር።

ሕመሙ የጀመረው ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ገበያው ደርቶ ስለነበር ፍሬሕይወት ልታግዘኝ መጥታለች። ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ እንዲወርድላት ተጣራች። ድምፅዋ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። አንዱ የራሷ ነው፤ አንዱ ግን ሸማ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነው። ሳቀችና ጉሮሮዋን ጠራርጋ ደግማ ተጣራች። ያው ነው። በማግሥቱም ያው ነበር።

ልጄ የሮክ ዘፋኝ ናት። ለብዙ ዓመት ይህን ለሰው ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ የውጭ ካሴት መርካቶን ሲሞላ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ነጠላ ለደንበኛ እንድታደርስ ልኬያት፣ ካሴት ቤት በር ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ሰምታ ነጠላውን በክንዷ እንዳንጠለጠለች አንድ ሰዓት ቆመች። ተቆጣኋት። ከዚያ በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ስለነበር ድምፅ እንዳላት እናውቅ ነበር፤ ምን እንደምታደርግበት ግን እኛ የወሰንንላት መስሎን ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ጊታር መምታት ተምራ ከሦስት ወንዶች ጋር ባንድ አቋቋመች። ጎጃም በረንዳ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይለማመዱ ነበር፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ላሜራ ስለሚቀጠቀጥ የእነሱን ጩኸት የሚለይ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ሆቴል ባለቤት ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ መጥቶ "እህቴ፣ ሰው እኮ እራት እየበላ ነው" አላት። ቀስ በቀስ ግን ተማሪዎች ይከተሏት ጀመር። አዳራሽ ሞላች። ካሴት አወጣች፣ ካሴት ሲቀር ደግሞ ሲዲ። ስለ ተሸካሚዎች፣ ስለ ሴት ልጅ የመግቢያ ሰዓት፣ ስለ ቤታችን ዝምታም ትዘፍናለች። አንድ ጊዜ ሄጄ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማኋት። ጆሮዬን አመመኝ። ግን የምትለው ቃል ሁሉ ይሰማ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄደች። "ጉንፋን ነው" ተብሎ አሞክሳሲሊን ሰጧት። ስላልተሻላት ተመልሳ ሄደች፤ ያንኑ ሰጧት። በሦስተኛው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላኳት፤ ቀጠሮው ከሁለት ወር በላይ ነው። ትልቁ ኮንሰርቷ ደግሞ አራት ሳምንት ቀርቶታል።

ያኔ ጋሽ ደግፌ መጡ። አፏን አስከፍተው፣ በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭነው፣ በባትሪ አዩ። "እንጥሏ ወርዷል። ለአንድ እንጥል ሁለት ወር ይጠበቃል እንዴ? ልጆቼ ሁሉ ተቆርጠዋል። አንቺስ አልተቆረጥሽም?" አሉኝ። ተቆርጫለሁ፤ አገር ቤት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ። ምንም ስላልሆንኩ ምንም የማያደርግ መሰለኝ። ፍሬሕይወት ፈራች። ነገር ግን ኮንሰርቱ እንዳያመልጣት ከዚያ የበለጠ ፈርታ ነበር። ወደኔ ዞራ ጠየቀችኝ፤ የጠየቀችኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እናቷ ስለሆንኩ ነው። እኔም ይቆረጥ ብዬ ፋርማሲ ሄጄ አዲስ ምላጭና አልኮል ገዛሁ። ማንኪያውን ቀቀልኩ። ንጹሕ ከሆነ ሕክምና የሆነ መሰለኝ። ያ ሁሉ ትምህርት የጠቀመኝ ምላጭ ለማጽዳት ነው።

አፏን ከፈተች። ማንኪያው ገባ። ምላጩ ገባ። ትከሻዋ ዘለለ። እኔ አጥብቄ ያዝኩ። ሳፋው ቀላ። ቆራጩ የቆረጠውን ወረቀት ላይ አድርጎ "ይኸው፣ ድምፅሽን የዘጋው ይሄ ነው" ብሎ አሳያት። በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ ብሎ ሄደ።

ደሙ አልቆመም። ትውጠዋለች፣ ታስመልሰዋለች። ጋሽ ደግፌ "መጥፎው ደም ነው፣ ይውጣላት" አሉ። እኔም ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከንፈሯ ነጣ። ሁለተኛውም ሰዓት አለፈ። ስጠራት ዓይኗን ብቻ አዞረች።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ታክሲ ብንፈልግ የጁምዓ ሰጋጅ መንገዱን ሞልቶታል። የሰፈሩ ተሸካሚ ሸምሱ ጋሪው ላይ ጋቢ አንጥፎ አስተኛትና በአንዋር መስጊድ በኩል ገፋት። የሚሰግዱት ሰዎች አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ምንጣፋቸውን እያጠፉ መንገድ ሰጡን። ከመስጊዱ ማዶ ታክሲ አገኘን።

ሆስፒታል ስንደርስ የደም ግፊቷ ወርዶ ሊለካ አልቻለም። ሄሞግሎቢኗ ስድስት፣ የጤነኛ ሰው ግማሽ ያህል ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋል አሉን። ጋሽ ደግፌ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ አሉ፤ የእኔ ደግሞ ከእሷ ጋር አልገጠመም። የሰጡት የባንዷ ጊታር ተጫዋች ዮናስና ከበሮ መቺው ናቸው፤ ጠጉራቸውን ስላሳደጉ በሱቄ በር ሲያልፉ ፊቴን የማዞርባቸው ልጆች።

የአንገት በላይ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቁስሉን ሰፍታ ደሙን ካቆመች በኋላ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። ማን እንደቆረጠ አልጠየቀችኝም። ማን እንደያዘ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እንዲህ አለችኝ።

"እናቴ፣ እንጥል አይወርድም። ሲቆጣ ያብጣል፤ ሲሻለው ይመለሳል። የልጅዎ ሕመም ከእንጥሏ በታች ነው፤ ያ ሰው ምላጩ ቀርቶ ዓይኑ እንኳ የማይደርስበት ቦታ። ጤነኛውን ነው የቆረጣችሁት።"

ቆራጩ የወሰደው እንጥሏን ብቻም አልነበረም፤ የላንቃዋን ለስላሳ ጫፍ ጨምሮ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ኢንፌክሽን ነው ብለው ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ጀመሩላት። ውኃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ጉንጯን ስጠርግ አልተቃወመችኝም፤ ዞራም አላየችኝም።

ዋናው ሕመም የታየው ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ነው፤ ኮንሰርቱ እስከዚያ ቀርቷል። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ላሪንጎስኮፒ ይሉታል፣ የድምፅ አውታሯን በስክሪን አሳዩን። አንደኛው አውታር ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ፖሊፕ የሚሉት እባጭ ነበር። ዘፋኝ፣ ሰባኪ፣ አስተማሪ፣ ዕቃ እየጠራ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ድምፁን የሚያበዛ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል አለች ዶክተሯ። የኮንሰርቶቹ አዘጋጅ ከመድረክ በፊት ዴክሳሜታዞን ያስወጋት እንደነበረም ያን ቀን ሰማሁ። መርፌው እብጠቱን ለጥቂት ሰዓት ይደብቀዋል፤ እሷም በታመመ አውታር ላይ ትዘፍናለች። ሰውየው ሆስፒታል አንድም ቀን አልመጣም። አሁንም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ግን እሱ ምላጭ አልገዛም።

ፖሊፑ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ካንሰር እንዳይሆን ለባዮፕሲ ምርመራ ተላከ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። ካንሰር አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሁለት ሳምንት ፍጹም ዝምታ ታዘዘላት፤ ሹክሹክታ ከንግግር የባሰ አውታሩን ስለሚያደክም እሱም ክልክል ነበር። ቤት ብቻዋን ከምትውል ብዬ ሱቅ አብራኝ ትውል ነበር፣ የምትፈልገውንም በካርቶን ቁራጭ ላይ ትጽፍልኛለች። አንዲት ገበያተኛ ከንፈሯን መጥጣ "ይቺን የመሰለች ልጅ ዱዳ አድርጎ ይፍጠር?" ስትል፣ ሸክሙን ያወርድ የነበረው ሸምሱ "ዱዳ? እትዬ፣ ይቺ ስትከፍተው እኮ አውቶቡስ ተራ ያለ ሹፌር ፍሬን ይይዛል" አላት። ፍሬሕይወት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀች። ከሆስፒታል ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ደግፌ በሸማ ተራና በጎጃም በረንዳ የሚያወሩት ደረሰን። "ዘፈኑ ጉሮሮዋን በላው፣ እኛ እንጥሏን ቆርጠን ባናተርፋት ሞታ ነበር" ይላሉ። ሰውም ተቀብሎታል። ፍሬሕይወት ካርቶን አንስታ ጻፈች፦ "የሆነውን በሰው ፊት ተናገሪ። ሌላ ምንም አልፈልግም።" አነበብኩት። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የባል ቤተ ዘመድ በአደባባይ አይዋረድም ተብዬ ነው ያደግሁት። ዝም አልኩ። ዝምታዬ የእሷ ሁለት ሳምንት ካለቀ በኋላም ለአምስት ወር ቀጠለ፤ እሷም እስከዚያ ከ"ደህና ዋልሽ" በላይ ብዙ አልጨመረችልኝም።

ድምፅዋ የተመለሰው እንደ ሕፃን ከዜሮ ጀምሮ ነው። የንግግር ቴራፒስት የምትባል ባለሙያ በመጠጫ ቀሰም ውኃ ውስጥ እየነፋች "ኡ" እንድትል አስተማረቻት። በየጠዋቱ ብርጭቆውን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና አረፋው እኩል እስኪወጣ ድረስ ትለማመዳለች፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ከወር በኋላ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያም ውኃው ቀርቶ በከንፈሯ ንዝረት፣ ከዚያም አንድ የዘፈን ስንኝ፣ እየደከማት ስታቆም እያረፈች ስትጀምር ክረምቱ አለፈ። ድምፅዋ እንደ ድሮው አልሆነም። ዝቅ ያለና ወፈር ያለ ነው፤ አንዳንድ ፊደል ዛሬም ወደ አፍንጫዋ ያፈተልካል። ዮናስ የጊታሩን ክር አላልቶ ዘፈኖቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ድምፅዋ አወረዳቸው።

ምክሬ አጭር ነው። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ ቀጠሮው ቢርቅ ከበሩ አትነሡ፣ ለምኑ፣ ተጣሉ። እንጥል አታስቆርጡ፤ የሕፃንም የአዋቂም፤ በአሮጌም በአዲስም ምላጭ። ለመዝፈን ብሎ መርፌ የሚያስወጋ አዘጋጅ ቢመጣ በሩን ዝጉበት። ዝም በሉ ስትባሉ ሹክሹክታም አትሞክሩ። ለዶክተሯ፣ ለቴራፒስቷ፣ ደማቸውን ለሰጡት ልጆች፣ ለሸምሱ፣ ምንጣፋቸውን ላጠፉልን ሰዎች ምስጋና አለብኝ። ቆራጩ ዛሬም ይሠራል። ሁለት ጊዜ ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። "ባህል ነው፣ እናታችን" ብለው መለሱኝ። ሦስተኛም እሄዳለሁ።

ወደ መድረክ ልትመለስ ባለችበት ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ደግፌ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤቴ መጡ። ፍሬሕይወት በመንገድ ስታገኛቸው ሰላም አትላቸውም፤ አቤቱታቸው እሱ ነው። እሷ ጊታሯን ጫማ ማውለቂያው አጠገብ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ነው የደረሱት፤ ሽማግሌ ሲመጣ አይወጣምና ተቀመጠች። ጋሽ ደግፌ ብዙ ተናገሩ። ያደረጉት በፍቅር መሆኑን፣ ድምፅዋ በምሕረት መመለሱን፣ ምሕረት ደግሞ ለጩኸት እንደማይውል ተናገሩ። ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ እንድትጠይቅና ዘፈኑን እንድትተው ፈለጉ። አንደኛው ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። "እናት ናት የምታሳርፈው። አንቺ 'እሺ በይ' በያት" አሉ።

ወደ ጋሽ ደግፌ ዞርኩ።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ልጄን ያሳመማት ዘፈን ቢሆንም ሊገድላት የነበረው እርስዎና እኔ ነን። ጤነኛ አካሏን አስቆረጥን። ደሟ ሲፈስ ቁጭ ብለን አየን። ከዚያ እርስዎ በየሱቁ ዋሹ፣ እኔ ዝም አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። እኔ አሁን እጠይቃታለሁ።"

ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸውን አነሡና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "አንቺ ነሽ ወይ ይህን የምትናገሪው?" አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ልጄ ፊት ቆምኩና፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰምቼሻለሁ፣ እማዬ" አለች። "ልምምድ ረፍዶብኛል።"

ተነሥታ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣች። ጊታሯን በትከሻዋ አንግባ ወጣች።